ነፍሰ ጡር ወይም ታማሚ ሆናችሁ ከሥራ ብትሰናበቱ፦ የሚገባችሁን እንዴት ትጠይቃላችሁ

“ሌላ ሥራ እስካገኝ መንግሥት የሚከፍለኝ ነገር ይኖር ይሆን?” ይህን ጥያቄ ሆዷ ገፍቶ ከተሰናበተች ሴት፣ የሐኪም ወረቀት ይዞ ደጅ ከቀረ ሰው ደጋግሜ ሰምቻለሁ። መልሱ አጭር ነው። በኢትዮጵያ ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፍል የመድን ፈንድ የለም።

ያለው ከአሠሪው የሚጠየቅ ገንዘብ ነው፦ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ፣ የሥራ ስንብት ክፍያ፣ ስንብቱ ሕገ ወጥ ከሆነ ካሳ፣ ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ። ሁሉም በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተጽፏል። ግን ማንም አስልቶ ቤት ድረስ አያመጣላችሁም። መጠየቂያው ጊዜ ደግሞ አጭር ነው፤ የሚያጥረውም ጊዜ በሌላት ሴት ላይ ነው። ሰው በእርግዝናዋ መጨረሻ ወር ተሰናብታ፣ ወልዳ፣ አራስ ቤት ገብታ፣ “ልጁ ትንሽ ጠና ይበልልኝና እሄዳለሁ” ስትል ወደ ሥራ የመመለስ መብቷ ያልቃል። ስለዚህ ከታች ያለውን ስታነቡ ከሁሉ በፊት ቀኖቹን ያዙ።

ስለ እርግዝና ስጽፍ “አንቺ” እላለሁ። ስለ ሕመም የሚመለከተው ወንድም ሆነ ሴት እንደ ራሱ ያንብበው።

መጀመሪያ፦ ይህ ሕግ ይመለከታችኋል?

በግል ድርጅት፣ በፋብሪካ፣ በሆቴል፣ በሱቅ፣ መንግሥታዊ ባልሆነ ድርጅት የምትሠሩ ከሆነ አዎ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሚዳኘው በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው፤ ቅሬታውም መጀመሪያ በመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ፣ ቀጥሎ በአስተዳደር ፍርድ ቤት በኩል ይሄዳል። የሥራ መሪ የሚባል ሠራተኛ፣ ማለትም የመቅጠር፣ የማሰናበትና ድርጅቱን የመምራት ሥልጣን ያለው ሰው፣ ከ1156 ውጪ ነው። በሰው ቤት የቤት ሠራተኛ ሆና የምታገለግልም እንዲሁ፤ ይህ የሕጉ ትልቅ ቀዳዳ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ግን ያለው እውነት ይህ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ “ሱፐርቫይዘር” ወይም “ኃላፊ” የሚል ማዕረግ ብቻውን የሥራ መሪ አያደርግም። የሚታየው በእጃችሁ ያለው ሥልጣን ነው፤ ስለዚህ “አንተ ማኔጅመንት ነህ፣ አዋጁ አይመለከትህም” ሲሏችሁ ቶሎ እሺ አትበሉ።

በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሰው ደግሞ አለ። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ የተደረገ ስምምነት ሊኖረው ይገባል፤ ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ብቁ ያልሆነን ሰው አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊያሰናብት ይችላል። ቁልፉ ቃል “ብቁ ያልሆነ” የሚለው ነው። እርግዝና የብቃት ጉዳይ አይደለም።

ደረጃ 1፦ ምንም ከመፈረማችሁ በፊት

አብዛኛው ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው፤ ፍርድ ቤት ሳይደርስ፣ በአንድ ፊርማ።

አንዲት የልብስ ስፌት ሠራተኛ ያሳየችኝን ደብዳቤ አልረሳውም። ሦስት መስመር ነበር። “በራስዎ ፈቃድ ሥራ ለመልቀቅ ባቀረቡት ጥያቄ መሠረት ከዛሬ ጀምሮ የተሰናበቱ መሆኑን እንገልጻለን” ይላል። ልጅቱ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ጥያቄ አቅርበሽ ነበር ወይ ስላት፣ “እሳቸው የሰጡኝን ወረቀት ፈረምኩ” አለች። የሰው ኃይል ኃላፊው ቢሮ አስጠርተው፣ በር ዘግተው፣ “እህቴ፣ ለራስሽ ብዬ ነው። እኛ ካሰናበትንሽ ስምሽ ይበላሻል፤ ራስሽ ከለቀቅሽ ግን ጥሩ የሥራ ልምድ እንጽፍልሻለን” ብለዋታል። እሷም አመስግና ፈርማለች።

ልዩነቱን በገንዘብ ተመልከቱት። ራሱ የለቀቀ ሰው ካሳ የለውም፣ የማስጠንቀቂያ ክፍያ የለውም፤ ቢያንስ አምስት ዓመት ካላገለገለ የስንብት ክፍያም የለውም። እንዲያውም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ የመስጠት ግዴታው በእሱ ላይ ነው። የሥራ ልምድ ማስረጃን በተመለከተ ደግሞ፣ የሠራችሁትን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንና ደመወዝ የሚገልጽ ወረቀት መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። በስጦታ መልክ የሚቀርብላችሁ መብታችሁ ነው።

ስለዚህ፦

መልቀቂያ አትጻፉ። “ዛሬውኑ ካልፈረምሽ” ሲሉ “ወስጄ ላንብበውና ነገ ልምጣ” በሉ።

የስንብት ደብዳቤ ሲሰጣችሁ መቀበል አለባችሁ፤ አልቀበልም ማለት አይጠቅምም። ተቀባይ ካልተገኘ ወይም እምቢ ካለ ሕጉ ማስጠንቀቂያው በሥራ ቦታው ሰሌዳ ላይ ለ10 ተከታታይ ቀናት እንዲለጠፍ ይፈቅዳል። ተቀበሉ፤ ከፊርማችሁ በላይ ግን በእጃችሁ “በይዘቱ ሳልስማማ ደብዳቤው ብቻ ደርሶኛል” ብላችሁ ቀኑን ጻፉ። አንድ ቅጂ ካልሰጧችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ክሊራንስ ስትጨርሱ ከቅጹ ግርጌ “ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም ዓይነት ክፍያ የለም” የምትል መስመር ልታገኙ ትችላላችሁ። ፈርማችሁ ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ፤ ውል በስምምነት ሲቋረጥ ሠራተኛው በሕግ የተሰጠውን መብት ቢተው መተዉ ሕጋዊ ውጤት የለውም ይላል አዋጁ። ቢሆንም ክርክር ከሚበዛባችሁ ባትፈርሙት ይሻላል።

በቃል ብቻ “ከነገ ጀምሮ አትምጪ” ከተባልሽስ? በማግስቱ በሰዓቱ ሂጂ። ዘበኛው ካላስገባሽ ምስክር የሚሆን ባልደረባ አጠገብሽ ይኑር፤ በዚያው ቀን “በቀን ይህ ለሥራ ቀርቤ እንዳልገባ ተከልክያለሁ” የሚል ደብዳቤ ጽፈሽ ለመዝገብ ቤት አስገቢ። ይህን ካላደረግሽ ሁለት ሳምንት ቆይቶ “ከሥራ ገበታ ቀርታለች” የሚል ወረቀት ሊወጣ ይችላል።

ደረጃ 2፦ ቀኑን ቁጠሩ

ሁለት ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ አክብቡ።

ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ አይታይም። ካሳ፣ የማስጠንቀቂያ ክፍያ፣ የስንብት ክፍያና ሌላው የገንዘብ ጥያቄ በ6 ወር። ጥቅምት 10 የተሰናበተ ሰው መመለስን እስከ ጥር 10፣ ገንዘብን እስከ ሚያዝያ 10 መጠየቅ አለበት ማለት ነው። እኔ ሁልጊዜ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ያለውን ቀን አክብቡ እላለሁ፤ የመጨረሻው ቀን በዓል ላይ ወይም ምጥ ላይ ሊውል ይችላል።

ለአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ባለሥልጣን በጽሑፍ ማመልከት ይርጋውን ሊያቋርጥ ይችላል፤ አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑም እንዲሁ። “ጉዳይሽን እያየነው ነው፣ ትንሽ ታገሺ” የሚል የስልክ ቃል ግን አንድም ቀን አያስቆምም።

ለነፍሰ ጡር የምመክረው ከመውለዷ በፊት ውክልና መስጠትን ነው። የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ቢሮ ሄደሽ ለባለቤትሽ ወይም ለወላጅሽ በፍርድ ቤት የመክሰስና የመከራከር ውክልና ብትሰጪ፣ አራስ ቤት ሳለሽ መዝገቡ ይከፈታል። ግማሽ ቀን የሚፈጅ ነገር ነው።

ደረጃ 3፦ የተሰናበታችሁበትን ምክንያት ለዩ

የሚገባችሁ ገንዘብ የሚወሰነው በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ምክንያት፣ ከዚያም ምክንያቱ እውነት መሆን አለመሆኑ ላይ ነው። ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብት አሠሪ ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ መግለጽ አለበት፤ ጥፋቱን ካወቀ ከ30 የሥራ ቀን በኋላም በዚያው ጥፋት ማሰናበት አይችልም።

እርግዝና ከሆነ። አዋጁ እርግዝናን ከዘር፣ ከሃይማኖትና ከጋብቻ ሁኔታ ጋር አንድ ላይ አስቀምጦ ውል ለማቋረጥ ምክንያት ሊሆን አይችልም ይላል። ከዚህም አልፎ በእርግዝና ጊዜና ከወለድሽ በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ አሠሪው ውልሽን እንዳያቋርጥ ይከለክላል። ይህ ጥበቃ ፍጹም አይደለም፤ ከእርግዝናውና ከወሊዱ ጋር ያልተያያዘ ከባድ ጥፋት ከፈጸምሽ፣ ወይም እውነተኛ የሠራተኛ ቅነሳ ተደርጎ ተራው አንቺ ላይ ከደረሰ ሊያሰናብትሽ ይችላል። በቅነሳም ቢሆን ነፍሰ ጡሮችና አራሶች መጨረሻ ላይ ከሚነኩት ውስጥ ናቸው። ቅነሳ የሚባለውም አንድ ሰው ነጥሎ ማስወጣትን አይደለም፤ ከጠቅላላው ሠራተኛ ቢያንስ 10 በመቶውን፣ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ደግሞ ቢያንስ 5 ሰው የሚመለከት መሆን አለበት። “በበጀት እጥረት” ተብሎ ብቻሽን ከወጣሽ፣ ያ የአዋጁ ቅነሳ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሴቶች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ሐኪም በእርግዝናሽ ምክንያት “ትረፍ” ብሎ ከጻፈልሽ ያ ዕረፍት ደመወዝ የሚከፈልበት ነው፤ ከሕመም ፈቃድ ቀን ላይ የሚቀነስ አይደለም። ለእርግዝና ክትትል የምትሄጂበት ሰዓትም እንዲሁ ይከፈላል፤ የሐኪም ማስረጃ ማቅረብ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ከመውለድሽ በፊት 30፣ ከወለድሽ በኋላ 90 ተከታታይ የሥራ ቀን የወሊድ ፈቃድ አለ። ስለዚህ ማመልከቻሽ ላይ “የሕመም ፈቃድ” ብለሽ አትጻፊ። “በእርግዝናዬ ምክንያት ሐኪም ያዘዘልኝ ዕረፍት” በዪ።

ሕመም ከሆነ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከሥራ ጋር ባልተያያዘ ሕመም ምክንያት፣ ከታመመበት የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ በተከታታይም በተለያየ ጊዜም ቢሆን። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወሮች ግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ወሮች ያለ ክፍያ። ይህ ፈቃድ ሳያልቅ “ብዙ ቀረህ” ብሎ ማሰናበት ሕገ ወጥ ነው። ካለቀ በኋላ ግን ሠራተኛው በጤና ምክንያት ሥራውን መሥራት ካልቻለ አሠሪው በማስጠንቀቂያ ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል። ይህን የሚያጣጥል ምክር ብትሰሙ አትመኑ፤ ስድስት ወሩን የጨረሰ ሰው የሚከራከረው በክፍያው ላይ ነው።

ታማሚን የሚያስመታው ሌላ ነገር ነው፦ ወረቀት ሳያስገቡ መቅረት። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት የሥራ ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰናበታል። ሕመም በቂ ምክንያት ነው፣ ግን መታወቅ አለበት፤ በታመማችሁ ማግስት ለአሠሪው ማሳወቅ ይጠበቅባችኋል። ራሳችሁ መሄድ ካልቻላችሁ ሰው ላኩ፣ ወይም በቴሌግራም ለኃላፊው ጽፋችሁ መልእክቱ የታየበትን ምልክት ፎቶ አንሱ። የሐኪም ማስረጃውም ዕውቅና ካለው የሕክምና ተቋም ይሁን።

ጉዳቱ ወይም ሕመሙ በሥራ ላይ የመጣ ከሆነ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት እስከ አንድ ዓመት ይከፈልበታል፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሦስት ወሮች ከ75 በመቶ ሳያንስ፣ የቀሩት ስድስት ወሮች ከ50 በመቶ ሳያንስ። ስለዚህ ሐኪም ጋር ስትቀርቡ “ወገቤን አሞኛል” ብቻ አትበሉ፤ የት፣ ምን ስታነሱ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ተናገሩና በካርዳችሁ ላይ ይጻፍ።

“ኮንትራትሽ አልቋል” ከተባለ። የጊዜ ገደብ ያለው ውል በሕጋዊ መንገድ ሲያልቅ ስንብት አይደለም፣ እርግዝናም አያራዝመውም። ነገር ግን ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይገመታል፤ ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው አዋጁ በዘረዘራቸው ጉዳዮች ብቻ ነው፣ ለምሳሌ ለወቅታዊ ሥራ፣ ለጊዜው በሌለ ሠራተኛ ምትክ፣ ለአንድ የተወሰነ ሥራ። በየስድስት ወሩ እየታደሰ ሦስት ዓመት ያንኑ ማሽን ያንቀሳቀሰች ሴት “ኮንትራት” የሚለው ቃል ሊያስፈራት አይገባም። ሥራው ቀጣይ ከሆነ ውሉም ቀጣይ ነው ብላ ትከራከራለች።

ደረጃ 4፦ ወረቀት ሰብስቡ

የሥራ ውል፣ የመጨረሻ ጊዜያት የደመወዝ ወረቀት ወይም የባንክ መግለጫ፣ መታወቂያ፣ የስንብት ደብዳቤ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች ካሉ፣ የሐኪም ማስረጃዎች። ውል በእጃችሁ ከሌለ አትደንግጡ፤ ደመወዝ በባንክ መግባቱና የጡረታ መዋጮ መቆረጡ መቀጠራችሁን ያሳያል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን አሠሪው እርግዝናሽን ወይም ሕመማችሁን ያወቀበት ቀን ማስረጃ ነው። ብዙ ክርክር የሚወድቀው “ነፍሰ ጡር መሆኗን አናውቅም ነበር” በሚል መልስ ነው። ስለዚህ እርግዝናሽ በሐኪም እንደተረጋገጠ፣ ሆድሽ እስኪታይ ሳትጠብቂ፣ አጭር ማመልከቻ ጻፊና የሐኪሙን ወረቀት አያይዘሽ በመዝገብ ቤት አስገቢ። በግልባጩ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይደረግልሽ። አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላኪውና ደረሰኙን ያዢ። ገና አላሰናበቱኝም የምትይ ከሆነ ይህን ገጽ እዚህ ላይ አቁመሽ ማመልከቻውን ዛሬ ብትጽፊው ደስ ይለኛል።

ደረጃ 5፦ አስሉ

የማስጠንቀቂያ ጊዜው የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት 2 ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ 3 ወር ነው፤ በቅነሳ ለሚወጣ 2 ወር።

የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ተባዝቶ ነው። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል፣ ጠቅላላው ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ከዓመት ያነሰ አገልግሎት በተመጣጣኝ ይሰላል። በቅነሳ ወይም ድርጅቱ በመዘጋቱ ለወጣ ሰው በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከላል።

ካሳ ውሉ በሕገ ወጥ መንገድ ሲቋረጥና ሠራተኛው ወደ ሥራ ሳይመለስ ሲቀር የቀን ደመወዝ በ180 ነው። ውሉ ለተወሰነ ጊዜ ከነበረ፣ እስከ መጨረሻው ቢሠራ ያገኝ የነበረውን ደመወዝ ያህል፣ ከ180 ቀን ሳይበልጥ።

ደመወዝ ማለት መሠረታዊው ነው፤ የትርፍ ሰዓት፣ አበልና ጉርሻ ውስጥ አይገባም።

አንድ ምሳሌ ላስላ፤ ለቀላልነት ወሩን በ30 አካፍላለሁ። በወር 9,000 ብር የሚከፈላት፣ አራት ዓመት ያገለገለች ሴት በአምስተኛ ወር እርግዝናዋ በሕገ ወጥ መንገድ ተሰናበተች። የቀን ደመወዟ 300 ብር። የማስጠንቀቂያ ክፍያ የ2 ወር፣ 18,000። የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት 9,000፣ ለሦስቱ ዓመት በየዓመቱ 3,000፣ በድምሩ 18,000። ካሳ 300 በ180፣ 54,000። በአጠቃላይ 90,000 ብር፤ የዓመት ፈቃዷ ሳይቆጠር። ያቺ የልብስ ስፌቷ ልጅ “በራሷ ፈቃድ” የሚለው ወረቀት ሲያዝላት ምን እንዳጣች ከዚህ ይታያችኋል።

አሁን የሕመሙን። 12,000 ብር የሚከፈለው፣ ስድስት ዓመት ያገለገለ ሰው የስድስት ወር የሕመም ፈቃዱን ጨርሶ መሥራት አልቻለም። በስድስቱ ወር የተከፈለው 12,000፣ ከዚያ 6,000 ሁለት ጊዜ፣ በድምሩ 24,000 ነው። አሠሪው በአግባቡ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ከፍሎ ካሰናበተው 24,000 ማስጠንቀቂያ፣ እና 12,000 ከአምስት ጊዜ 4,000 ጋር፣ 32,000 የስንብት ክፍያ ያገኛል። ካሳ የለም፤ ስንብቱ ሕጋዊ ነውና። አገልግሎቱ አምስት ዓመት ባይሞላ ኖሮ የስንብት ክፍያውም ይቀር ነበር፤ በሕመም የተቋረጠ ውል ይህን ክፍያ የሚያስገኘው ቢያንስ ከአምስት ዓመት አገልግሎት በኋላ ነው። ከዚህ የሚያስመልጠው ከፊል ወይም ሙሉ የመሥራት ችሎታ ማጣቱ በሕክምና ቦርድ ከተረጋገጠ ነው። አራት ዓመት ከስምንት ወር ላይ ያለ ታማሚ የቦርድ ማስረጃውን ከማንም ቀድሞ መከታተል አለበት።

ያልተወሰደውን የዓመት ፈቃድ አትርሱ፤ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን እየጨመረ የሚሄድ ነው፤ ውሉ ሲቋረጥ ወደ ገንዘብ ይቀየራል።

አሠሪው ይህን ሁሉ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መክፈል አለበት። ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ ቅጣት ሊጨምርበት ይችላል፤ ስለዚህ ክሳችሁ ላይ ይህንንም ጥቀሱ። ካልጠየቃችሁት ማንም አይጽፍላችሁም።

ደረጃ 6፦ የት ትሄዳላችሁ

መጀመሪያ ለአሠሪው በጽሑፍ ጠይቁ፦ ስሌታችሁን ዘርዝሩ፣ የሰባት ቀን ጊዜ ስጡ፣ ግልባጩን አስማትሙ። አንዳንድ አሠሪ ቁጥሩን በወረቀት ላይ ሲያየው ይስማማል።

ካልሆነ በወረዳችሁ ወይም በክፍለ ከተማችሁ ያለውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አሠሪና ሠራተኛ ክፍል ሂዱ። ባለሙያው አሠሪውን ጠርቶ ለማስማማት ይሞክራል፤ ክፍያ ያልተፈጸመበት ነገር ግልጽ ከሆነ ይህ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው የሚል ፍርድ ግን አይሰጥም። ሦስት ወሩ እየተጠጋ ከሆነ ይህን ደረጃ ዘላችሁ ፍርድ ቤት ግቡ።

ክሱ የሚቀርበው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ጠበቃ መያዝ ግዴታ አይደለም፤ አቅም ለሌላቸው የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው፣ ለሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ። የሠራተኛ ማኅበር አባል ከሆናችሁ ማኅበራችሁን ጠይቁ። ሕጉ ችሎቱ በ60 ቀን እንዲወስን ይላል፤ ቀጠሮ ግን ይራዘማል፣ ያንን አስባችሁ ተዘጋጁ። ያልተስማማ ወገን በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይላል።

አቤቱታው አይርዘም። የተቀጠራችሁበት ቀን፣ የሥራ መደብ፣ ደመወዝ፣ አሠሪው እርግዝናውን ወይም ሕመሙን ያወቀበት ቀን፣ የተሰናበታችሁበት ቀንና የተሰጠው ምክንያት፣ ምክንያቱ ለምን ሐሰት እንደሆነ፣ የምትጠይቁት ዳኝነት። ስድብ፣ ምርቃትና “በግፍ” የሚሉ ቃላት ቦታ ይበላሉ፤ ዳኛው የሚፈልገው ቀን ነው።

ወደ ሥራ መመለስ ወይስ ካሳ? ሁለቱንም በአማራጭ ጠይቁ። የተሰናበትሽው በእርግዝናሽ ምክንያት መሆኑ ከተረጋገጠ አሠሪው የመመለስ ግዴታ አለበት፤ አልፈልግም ካልሽ ምርጫው የአንቺ ነው፣ ካሳውን ትወስጃለሽ። በሌሎች ሕገ ወጥ ስንብቶች ግን ሠራተኛው መመለስ ቢፈልግም ፍርድ ቤቱ ግንኙነታቸው ሥራውን ከባድ ችግር ላይ ይጥላል ብሎ ካመነ ካሳ ብቻ ሊወስን ይችላል። ወደ ሥራ የተመለሰ ሰው ውዝፍ ደመወዝ ይከፈለዋል፦ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከተወሰነ እስከ 6 ወር፣ በይግባኝ ከሆነ እስከ አንድ ዓመት። እኔ ነፍሰ ጡር ሆና የተሰናበተችን ብዙ ጊዜ መመለስን አስቀድማ እንድትጠይቅ እመክራለሁ። ብትመለስ የወሊድ ፈቃዷ ሙሉ ደመወዝ ይከፈልበታልና፤ 120 የሥራ ቀን ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ጎን ለጎን፦ ጡረታችሁ

በየወሩ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ወደ ጡረታ ፈንድ ይገባል። ከሥራ ስትወጡ የጡረታ መለያ ቁጥራችሁንና መዋጮው በትክክል መግባቱን ከግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር አረጋግጡ፤ ቆርጦ የማያስገባ አሠሪ አለ። በጤና ጉድለት መሥራት አቅቶት የወጣ ሰው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ አገልግሎት ካለው የጡረታ አበል፣ ከዚያ በታች ከሆነ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት መብት ሊኖረው ይችላል። የቀደሙት አገልግሎታችሁ ዓመታት ከሌላ ቀጣሪ ጋር ስትሠሩም ይደመራሉ፤ ስለዚህ የአገልግሎት ማስረጃችሁን በየሥራ ቦታው ሰብስቡ።

ከፍርድ በኋላ

ፍርድ መርታት ገንዘብ በእጅ መግባት አይደለም። አሠሪው በተወሰነው ጊዜ ካልከፈለ የፍርዱን ግልባጭ አውጥታችሁ የአፈጻጸም መዝገብ ትከፍታላችሁ፤ የድርጅቱን የባንክ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ካላችሁ አሁን ይጠቅማል፣ ደመወዛችሁ ይገባበት የነበረውን የባንክ ስምና የከፋዩን ሒሳብ ከቆየ መግለጫችሁ ላይ ፈልጉ። ፍርዱ ወደ ሥራ ይመለሱ የሚል ከሆነ ግልባጩን ይዛችሁ በማግስቱ በመግቢያ ሰዓት ሥራ ቦታችሁ ተገኙ። ካላስገቧችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የከለከላችሁን ሰው ኃላፊነት መዝግባችሁ በዚያው ቀን ለአፈጻጸም ችሎቱ አመልክቱ።